«በካሬ ስንት ትይዘዋለህ?»

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጡረታ የወጡ መምህርት መታጠቢያ ቤታቸውን ካሳደሱ ሁለት ወር ሳይሞላ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ እርጥበት ወጣ። የተጠራው ባለሙያ የግድግዳውን ሴራሚክ በጣቱ ቋ ቋ ሲያደርገው ግማሹ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ ሲነሱ ሲሚንቶው መሐል ላይ ብቻ ተለድፎ አራቱም ጥግ ክፍት ሆኖ ተገኘ። ወለሉ ሥር ውሃ መከላከያ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተቀባም። ወይዘሮዋ ግን የሚያብሰለስላቸው ሌላ ነው፦ «ከጠየቀኝ ላይ ሩቡን አስቀንሼዋለሁ፤ ታዲያ የት ላይ ነው የተበላሁት?»

የተበሉት እዚያው ያስቀነሱት ሩብ ላይ ነው። ይህን ለባለቤቶች ማስረዳት ግን አድካሚ ነው። ቤት የሚያሳድስ ሰው ሁሉ ድርድር ማለት የካሬ ዋጋ ማስወረድ ነው ብሎ ይገባበታል። ሦስት ሠራተኛ ይጠራል፣ ሦስቱንም «በካሬ ስንት ትይዘዋለህ?» ይላል፣ ዝቅ ያለውን ይዞ ትንሽ ደግሞ ያስቀንሳል። ሠራተኛውም «ማዘር፣ ለእርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልነካውም ነበር» ብሎ ይስማማል። ቅናሹ ከሠራተኛው ኪስ የወጣ ይመስላል። አይደለም። የእጅ ዋጋ ሲወርድ ሠራተኛው የዕለት ገቢውን የሚያካክሰው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ደግሞ ተሸፍኖ ከሚቀረው ሥራ ላይ ነው።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ መከላከያው ሁለት እጅ ይቀባል፣ በመሐል ይደርቃል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይጠበቃል። የቧንቧው መስመር ከመለሰኑ በፊት በግፊት ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ቀን ይወስዳል፤ በካሬ ለሚከፈለው ሰው ግን በዚያ ቀን አንድም ካሬ አልተሠራም። ማንም የማይከፍልበት ሥራ መጀመሪያ ይዘለላል። የመምህርቷን ቤት የሠራው ልጅ የተለየ ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሃ ይሞላ፣ ይፈተሽ ያለው አልነበረም፣ ለዚያም ሒሳብ አልተያዘለትም።

ይብስ የሚያስቆጨው፣ ያ ሁሉ ክርክር የሚደረግበት «ካሬ» ራሱ ምን እንደሆነ አለመነጋገራቸው ነው። ባለ 4 በ3.5 ሜትር ክፍል ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 42 ካሬ ነው። አንድ በር 0.9 በ2.1፣ አንድ መስኮት 1.5 በ1.2 ቢኖረው ከዚህ ላይ 3.69 ካሬ ክፍት ነው። ለሳኙ ክፍቱን ቀንሶ ይለካል ወይስ ሳይቀንስ? ልዩነቱ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ነው፤ ባለቤቱ ግማሽ ቀን ተከራክሮ ካስወረደው ሊበልጥ ይችላል። የበርና የመስኮቱ ዳርስ ይለካል? ዞኮሎው በሜትር ነው ወይስ ከወለሉ ጋር ተደምሮ? የመንግሥት የግንባታ ዲዛይን መሥሪያ ቤት የነበረው ባትኮዳ በ1983 ዓ.ም. የሕንፃ ሥራ መለኪያ ደንብ ያወጣው ይህን ዓይነት ጭቅጭቅ ለመዝጋት ነበር። በቤት እድሳት ላይ ግን ሜትሩ የሚዘረጋው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱም ከተኳረፉ በኋላ ነው።

ሴራሚኩም እንደዚያው። 60 በ60 የሆነው በብዛት በካርቶን አራት ፍሬ ይይዛል፤ 1.44 ካሬ ማለት ነው። ለ20 ካሬ ክፍል 14 ካርቶን ሲገዛ ሒሳቡ የሞላ ይመስላል፤ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው ግን ምንም አልተረፈም። ሲጎድል ባለቤቱ መርካቶ ይመለሳል፣ የመጀመሪያው ባች አልቋል፣ አዲሱ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ከ15 እስከ 16 ካርቶን መግዛትና ብክነቱ ከስንት በመቶ ካለፈ ሠራተኛው እንደሚጠየቅ አስቀድሞ መስማማት ነበረባቸው።

ከነዕቃው በቁርጥ መስጠት ይሻላል የሚሉ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ይህም መከራ አለው። ሳኒተሪው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ ብዙው ፖርሰሊን ከውጭ የሚገባ ነው። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀን ካልተጻፈበት ሠራተኛው ወይ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ የዕቃውን ደረጃ ያወርዳል። ዋጋ የሚዋዥቅበትን ዕቃ ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ቢያቀርብ ይሻላል። ተቋራጩ ያቅርብ ከተባለም የምርቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ የቀለሙ ዓይነት ይጻፍ፤ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት እንደሆነም አብሮ።

ክፍያው ላይ ደግሞ ባለቤቶች በጣም ለጋስ ናቸው። በካሬ ሃያ ብር ሲከራከር የዋለ ሰው ግማሹን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ቆጥሮ ይሰጣል። በመንግሥት የግንባታ ውሎች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ 30 በመቶ ነው፣ እሱም በዋስትና። የቤት ባለቤት ዋስትና የሚያስይዘው የለም፤ እጁ ላይ ያለው መተማመኛ ያልከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያው በደረጃ ይከፈል፤ ከቧንቧው ፍተሻ በኋላ ይህን ያህል፣ ውሃው 24 ሰዓት ቆይቶ ካልሰረገ በኋላ ይህን ያህል፣ የመጨረሻው አምስት ወይም አሥር በመቶ ደግሞ ቤቱ ለጥቂት ወራት ከተኖረበት በኋላ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጥገናንም በግንባታ ውል ምዕራፍ ውስጥ ያስገባል። አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን መብት ብዙ ባለቤት አያውቀውም። የሚያውቀውም ቢሆን ርክክቡ መቼ እንደሆነ የሚያሳይ ፊርማ ያለበት አንዲት ወረቀት የለውም፤ ያለው የሠራተኛው ስልክ ቁጥር ነው፣ እሱም ከወራት በኋላ አይነሳም።

በዚህ ሁሉ የሚጎዱት ባለቤቶች ብቻ አይደሉም። ውሃ መከላከያውን ለብቻ፣ ፍተሻውን ለብቻ፣ ንጣፉን ለብቻ ጽፎ ዋጋ የሚያቀርብ ጠንቃቃ ባለሙያ በአዲስ አበባ አለ። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ባለቤቱ ታች ያለውን ድምር ብቻ አይቶ «ጎረቤቴ እኮ በግማሹ ነው ያሠራው» ይለውና ይመልሰዋል።