የስደተኛው መድኃኒት በማን ኪስ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፥ ወደ ዓባይ በረሓ አቅጣጫ የሚወርድ መንገደኛ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ይጁቤን ያገኛል። ይጁቤ የስደተኞች ሰፈር አይደለችም። ነገር ግን አንባቢያችን ከከተማይቱ ገበያ ቆመው «ወደ አገራችን የተሰደደ የባዕድ አገር ሰው ሲታመም የመድኃኒቱን ዋጋ ማን ይክፈል?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ አንድ ዓይነት ይሆናል ብለው አይጠብቁ። አንዱ «እንግዳ ነውና ይታከም» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኔ ለጤና መድን በያመቱ ከኪሴ አወጣለሁ፤ ታዲያ እሱ ስለ ምን በነጻ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ሁለቱም የያዙት እውነት አለ።

ይህ ክርክር የድኻ አገር ክርክር ብቻ እንዳይመስልዎ። በሀብታሞቹም አገሮች ሚኒስትርን ከሐኪም፥ መንግሥትን ከፍርድ ቤት አጋጭቷል። ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብሎ የታየው በካናዳ ነው። ካናዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጥገኝነት ጠይቀው የገቡባት አገር ስለ ሆነች ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። «ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለዚህ አስቀድመን የካናዳን እንይ፤ ከዚያም ወደ አገራችን እንመለሳለን።

የካናዳ ክርክር

በመጀመሪያ ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ማን እንደ ሆነ እንረዳ። ይህ ሰው «ወደ አገሬ ብመለስ ጉዳት ያገኘኛል» ብሎ ያመለከተ፥ ግን ገና ውሳኔ ያላገኘ ነው። ውሳኔው ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። በሽታ ግን ውሳኔ አይጠብቅም። ካናዳ ይህን ተረድታ ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ጊዜያዊ የሕክምና ርዳታ ትሰጥ ነበር። ሐኪሙ፥ ሆስፒታሉ፥ መድኃኒቱ፥ የጥርስና የዓይን ሕክምናውም ጭምር በፌዴራሉ መንግሥት ይከፈል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ጄሰን ኬኒ ይህ ርዳታ እንዲቀነስ አደረጉ። የመንግሥቱ ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፤ ራሱን ችሎ የሚሠራው ካናዳዊ ለመድኃኒት፥ ለጥርስና ለመነጽር ከገዛ ኪሱ ሲከፍል፥ ገና ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ከእሱ የተሻለ ማግኘት የለበትም። ደግሞም ያለ በቂ ምክንያት የሚመጡትን ያርቃል፤ በአምስት ዓመትም 100 ሚሊዮን ዶላር ያድናል። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ ይህ ከይጁቤው ገበያተኛ ጥያቄ ጋር ወንድማማች ነው።

አዲሱ ሥርዓት በተግባር ምን ይመስል ነበር? ከጎጃም የሄደ አንድ ወጣት በዚያን ጊዜ በቶሮንቶ ጥገኝነት ጠየቀ እንበል። የስኳር በሽታ ቢይዘው ሐኪም ያየዋል፥ የመድኃኒት ማዘዣም ይጽፍለታል፤ ኢንሱሊኑን ግን ራስህ ግዛ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ ቢይዘው ግን መድኃኒቱን በነጻ ያገኛል፤ ይህ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋልና። «ከስጋት ነጻ» ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች የመጣው ደግሞ ሕዝብን የሚያሰጋ በሽታ ካልያዘው በቀር ለሐኪሙም አይከፈልለትም። ኢትዮጵያ በዚያ መዝገብ አልገባችም ነበር። እንግዲህ የሥርዓቱ ሐሳብ በሽተኛውን ማዳን ሳይሆን ሌላውን ሰው ከበሽተኛው መጠበቅ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የካናዳ ሐኪሞች ነጭ ካባቸውን እንደ ለበሱ ወደ አደባባይ ወጡ። ሚኒስትሮች ንግግር በሚያደርጉበት አዳራሽ እየተነሡ ተቃውሞአቸውን አሰሙ። የስደተኞች ሐኪሞች ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2013 ከሕግ ጠበቆች ጋር ሆነው መንግሥትን ከሰሱ። ከአመልካቾቹ መካከል ከአፍጋኒስታን የመጣ፥ የጥገኝነት ጥያቄው የተነፈገው፥ ግን ወደ አገሩ ሊመለስ ያልቻለ አንድ የስኳር በሽተኛ ይገኝበታል። ኢንሱሊኑ የተቋረጠበት በዚሁ ለውጥ ምክንያት ነበር።

የዳነው ገንዘብስ የት ሄደ? በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ስድስት ስድስት ወሮች አመዛዘነ። ለድንገተኛ ሕክምና ከመጡት የጥገኝነት ጠያቂ ልጆች መካከል ሆስፒታል የሚተኙት ከመቶ 6 ያህል ነበሩ፤ ከለውጡ በኋላ 12 ሆኑ። ጥናቱ የአንድ ሆስፒታል ብቻ ስለ ሆነ ነገሩን ሁሉ በእሱ መፍረድ አይገባም። ቢሆንም የሚያመለክተው መንገድ ግልጽ ነው። «ሳይደርቅ በርጥብ፥ ሳይርቅ በቅርብ» እንደሚባለው፥ በጊዜው ያልታከመ ሕመም በኋላ በአልጋ ላይ ይታከማል፤ አልጋው ደግሞ ከክኒን ይልቅ ውድ ነው። ኦንታሪዮን የመሳሰሉ ክፍላተ አገርም ጉድለቱን በራሳቸው ገንዘብ መሸፈን ጀመሩ። ወጪው አልጠፋም፤ ከአንዱ ካዝና ወደ ሌላው ተዛወረ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ወይዘሮ አን ማክታቪሽ ፈረዱ። ቅነሳው በካናዳ ሕገ መንግሥት የተከለከለ ጭካኔ የተመላበት አያያዝ ነው፤ ሰውንም በትውልድ አገሩ ይለያል አሉ። መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ። በ2015 በተደረገው ምርጫ ግን መንግሥቱ ተለወጠ፤ አዲሱ መንግሥት ይግባኙን ተወው፥ ርዳታውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ክርክሩ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የቀረበው የካናዳ በጀት መድኃኒትን፥ ጥርስንና የመሳሰለውን ተጨማሪ ሕክምና በሚመለከት ስደተኛው ከዋጋው ከፊሉን ራሱ እንዲከፍል የሚል ሐሳብ ይዞ መጥቷል።

ወደ አገራችን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ስደተኞች ነበሩባት፤ አብዛኞቹም ከደቡብ ሱዳን፥ ከሶማሊያ፥ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው። በሕግ በኩል አገራችን ከብዙዎቹ ሀብታሞች ወደ ኋላ አትቀርም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጥገኝነት ጠያቂውም ሆነ እውቅና ያገኘው ስደተኛ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ፈቅዶአል። ካናዳ ያደረገችውን ልዩነት፥ ማለት ይህ ውሳኔ ያገኘ ነው፥ ያ ገና ነው የሚለውን፥ በሕክምና ጉዳይ አላደረገም።

ነገር ግን መብት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ሌላ ነው። በመጠለያ ጣቢያዎች ያሉት ክሊኒኮች በአብዛኛው የሚሠሩት በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና በርዳታ ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ሕመሙ የበረታበትም ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሲላክ ሂሳቡ የሚጠበቀው ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የለጋሾች ገንዘብ በብርቱ ሲቀንስ የዚህ አሠራር ድካም ታየ። መብቱ በወረቀት ላይ እንደ ነበረ ነው፤ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ግን ለጋሹን ይጠብቃል።

ጉዳዩ ለአማራ ክልልም እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ገባና በምዕራብ ጎንደር ኩመር በተባለው ቦታ ተጠለለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በኩመር ኮሌራ ተነሣ። ኮሌራ የሚሄደው በውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የስደተኛውንና የባለ አገሩን እንስራ አይለይም። እንዲህ ባለ ጊዜ የስደተኛው ሕክምና የምጽዋት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንደሩ ሁሉ ጥበቃ ይሆናል።

ታዲያ ለይጁቤው ገበያተኛ ምን እንመልስለት? መልሱ የሚገኘው እሱው ራሱ ከሚከፍልበት ከጤና መድኑ ይመስለናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፥ ከነዚያ አንዱ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው። የቻለው ቤተ ሰብ በያመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ እጅግ ድኻ ለሆነው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ካርድ በአንድ ሐኪም ቤት ይታከማል። የከፈለውም ያልከፈለውም ወረፋው አንድ ነው።

ስደተኛውም በዚህ ደንብ ቢገባ «ስለ ምን በነጻ?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል። የ2011ዱ አዋጅ የሥራ ፈቃድ መንገድ ከፍቶአል፤ ሠርቶ ገቢ ያገኘው እንደ ጎረቤቱ መዋጮውን ይክፈል። ለማይችለው ደግሞ ለየብቻ ክሊኒክ የሚወጣው የርዳታ ገንዘብ መዋጮ ሆኖ ይግባለት። ያ ገንዘብ የወረዳውን ሐኪም ቤት፥ የወረዳውን መድኃኒት ቤት ያጠነክራል፤ ባለ አገሩም ከዚያው ይታከማል።

የሚቀረው ግማሽ ከባድ ነው፤ አንደብቅም። ለጋሹ ነገ እጁን ቢሰበስብ ሸክሙ በገበሬው መዋጮ ላይ እንዳይወድቅ ምን ዋስትና አለ? ይህን መንግሥትና ለጋሾቹ አስቀድመው በውል ሊያስሩት ይገባል፤ ያለዚያ ተጠራጣሪው ትክክል ይሆናል። መዋጮው ለስንት ዓመት እንደ ተረጋገጠ በግልጽ ይነገር፤ ሂሳቡም ለሕዝብ ይታይ።

እንግዲህ አንባቢያችን ስለዚህ ጉዳይ ሹም ሲናገር በሰሙ ጊዜ «ይታከሙ ወይስ አይታከሙ?» በሚለው ብቻ አይርኩ። ሳይታከም የቀረውን ሰው ኋላ የሚያነሣው የማን አልጋ ነው? የተቀነሰው ወጪ ወደ ማን ካዝና ተዛወረ? ብለው ይጠይቁ። የካናዳ ሐኪሞችና ዳኛዋ የተከራከሩለት ሰው መልኩን የማያውቁት ነበር፤ ምናልባትም ከመካከላቸው የእኛው አገር ልጅ ነበረበት። እርሱ እዚያ መድኃኒቱን እንዲያገኝ የምንመኝ ከሆነ፥ ወደ እኛ ለተሰደደው ሱዳናዊም ያንኑ መመኘት፥ ሂሳቡንም ቁጭ ብሎ ማስላት የእኛ ፋንታ ነው።