ግማሽ ኪሎ

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው ጭንቅላቱ እንደሚነቀነቅ አያውቅም። እግሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ራሱ ይናጣል፤ ዓይኖቹ ግን በዚያችው ቅጽበት በተቃራኒው ዞር ብለው መንገዱን ጸጥ አድርገው ያሳዩታል። ካሜራ እንዲህ ያለ ደግነት የለውም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ያወቀው በ2001 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ወጣት ነበር፤ አንዲት በካሴት የምትሠራ ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ከምኒልክ ሐውልት እስከ ሲኒማ ኢትዮጵያ እየተራመደ፣ አንዴም ሳያቋርጥ፣ ፒያሳን ሊቀርጽ ተነሣ። ማታ ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲከፍተው ወርቅ ቤቶቹ ይዘላሉ፣ ታክሲዎቹ ይዘላሉ፣ አጤ ምኒልክም ከነፈረሳቸው ይዘላሉ። እናቱ ጥቂት አየችና "የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር እንዴ ልጄ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ ክንዱን ከደረቱ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ሞከረ። ይባስ ብሎ የልብ ምቱ ምስሉ ላይ ገባ። ቀጥሎ ከካሜራዋ ሥር ሲባጎ አስሮ ጫፉን በጫማው ረግጦ ወጠረው። ቆሞ ሲቀርጽ ግሩም ነበር፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ግን ሲባጎውም ዘዴውም አብረው አለቁ። በሦስተኛው ቀን አትክልት ተራ ሄዶ አንድ ባለ ጋሪ ለመነና ጎመን በሚጫንበት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ተገፋ። ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ የመንገዱን ጎድጓዳ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሂሳቡን ከፍሎ ወረደ።

በጋሪ የተማረረ የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም።

ከዚያ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ጋሬት ብራውን የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ ጊታር ይዞ የሕዝብ ዘፈን ይዘፍን ነበር፤ በኋላ ማስታወቂያ ሠሪ ሆነ። ካሜራ ጭኖ የሚንቀሳቀስበት 800 ፓውንድ፣ ማለትም 360 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጋሪ ነበረው፤ አንድ በሬ ማለት ነው። ጋሪው ያለ ሐዲድ አይሄድም፤ ሐዲድ ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ብራውንን እንቅልፍ የነሣው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ሰው በእጁ የሚያነሣው ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ ለምን በሬ የሚያህል ብረት ያስፈልጋል?

ከተራ ቱቦ ጀመረ። ካሜራውን ከአንዱ ጫፍ አሰረ፣ በሌላው ጫፍ ክብደት ሰቀለ፣ መካከሉን ይዞ ሮጠ። ሐሳቡ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለ ገበሬ ያውቀዋል፤ ረጅም ነገር ዳርና ዳሩ ላይ ክብደት ሲይዝ ለመዞር ይለግማል። ካሜራውም ለገመ፤ ምስሉ ተረጋጋ። ይሁን እንጂ ክንዱ ቶሎ ዛለ። ደግሞም ምን እየቀረጸ እንደሆነ ለማየት ዓይኑን ካሜራው ላይ ከለጠፈ የጭንቅላቱ ንቅናቄ ተመልሶ ይገባል። ካልለጠፈ አያይም።

ብራውን አንድ ሞቴል ገባና ለሳምንት ያህል በሩን ዘጋ።

ሲወጣ መልሱ በአእምሮው ነበር። ሸክሙን ከክንድ ወደ ወገብ የሚያወርድ ሰደርያ፣ ሰደርያው ላይ የተገጠመ ባለ ሞላ ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ በሚዛኑ የተንጠለጠለ ካሜራ። ሥራውን ለማሳየት ያኔ ፍቅረኛው፣ በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ኤለንን በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃዎች ላይ እያሯሯጠ ቀረጻት። ምስሉን ያየ ሁሉ ግራ ገባው። ሄሊኮፕተር ነው እንዳይባል ደረጃው አለ፤ ጋሪ ነው እንዳይባል እንደገና ደረጃው አለ። ብራውን ምሥጢሩን ደብቆ ነበር፤ ነገር ግን ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ፊልሙን አይቶ ሁለት ቦታ ላይ የመሣሪያው ጥላ መሬት ላይ እንደሚታይ ጽፎ አስጠነቀቀው። ብራውን እነዚያን ጥቂት ፍሬሞች ቆርጦ ጣላቸው። ጆን አቪልድሰን የተባለው ዳይሬክተር ደግሞ ደረጃዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሮኪ በተሰኘው ፊልም ቡጢኛው እነዚያን 72 ደረጃዎች ሮጦ ወጣቸው። በ1978 ስቴዲካም የተባለው የብራውን መሣሪያ ኦስካር አገኘ።

ዋጋው ግን ለሆሊዉድ እንጂ ለፒያሳ የተቆረጠ አልነበረም።

ብራውን ሰደርያውንና ሞላውን ከደረበ ዓመታት በኋላ፣ በዚያው በፔንሲልቫኒያ ግዛት በምትገኘው ፒትስበርግ፣ ጆኒ ቹንግ ሊ የሚባል የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነገሩን ወደ ቱቦው መለሰው። ሦስት ባለ ግማሽ ኢንች የውኃ ቱቦ፣ አንድ ቲ መገጣጠሚያ፣ ጥቂት ብሎን፣ ከታች አንድ ኪሎ ያህል የስፖርት ክብደት። ጠቅላላ ወጪው 14 ዶላር። ወሬው ፒያሳ ሲደርስ የኛው ሰው እንቅልፍ አጣ።

ወደ ሠራተኛ ሰፈር ሄደ። አንድ ቧንቧ ሠሪ ቱቦውን ቆረጠለት፣ ፊለቶ አወጣለት፣ ዳዶና ሮንዴላ ከቆርቆሮ ውስጥ ፈልጎ ሰጠው። (ፒያሳ ስሟን ከጣሊያን እንደወሰደች ሁሉ የእጅ ባለሙያዎቿም ግማሹን ቋንቋቸውን ከዚያው ነው የወረሱት።) ከካሜራዋ በታች ከወዳደቀ ብረት መካከል የተገኘች፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምትታጠፍ መገጣጠሚያ ገጠመላትና እሷን እጀታ አደረጋት። የቀረው ክብደቱ ነበር። የስፖርት ብረት ለመግዛት ኪሱ አልፈቀደም።

አትክልት ተራ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከሚዛናቸው አጠገብ የአንድ ኪሎ ብረት ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ።"

"ለምን ልትመዝንበት?"

"ካሜራ።"

ሳቁና ሰጡት። ብረቱን ከቱቦው ግርጌ በሽቦ አስሮ ወደ ጊዮርጊስ ወጣ፤ መቅረጽ ጀመረ። ንቅናቄው ጠፍቷል! ዳሩ ግን በአሥረኛው እርምጃ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ካሜራዋ እንደ ቄስ ጽና ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ጀመር። ሲቆም ትወዛወዛለች፤ ሲታጠፍ ትወዛወዛለች። ቱቦውን አስረዘመ፤ ውዝዋዜው ዘገየ እንጂ ሰፋ። ተጨማሪ ድንጋይ አሰረባት፤ ባሰ። ተንቀጥቃጭ ፒያሳን በባሕር ላይ በምትንሳፈፍ ፒያሳ ለወጣት። ከሰዓት በኋላ ቱቦውን እሪ በከንቱ ወንዝ ለመወርወር ተነሥቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያዳነው የሽንኩርት ገበያ ነው።

"አንተ ልጅ! ሰዓትህ አላለቀም?" ሴትዮዋ ቆመው ጠበቁት። "በምን ልመዝን? ኪሎዬን አምጣ!"

"እትዬ፣ ትንሽ ብቻ..."

"እንካ፣ በግማሿ ተጫወት።" የግማሽ ኪሎዋን ብረት ወረወሩለት።

ሌላ ስለሌለው እሷኑ አሰረ። ከዚያም ለሙከራ ያህል ቱቦውን በአግድም ይዞ ለቀቀው። ቀድሞ እንደ ወጥመድ ተወርውሮ ይወዛወዝ የነበረው ቱቦ አሁን ዝግ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ወስዶ፣ ቀጥ አለና ቆመ። ውዝዋዜ የለም። ደግሞ ሞከረው። አሁንም የለም። አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ምን ያስደንቅሃል?" አሉ ሴትዮዋ፣ ሽንኩርት እየመዘኑ። "ሚዛን እንደዚሁ ነው። አንዱ ወገን በጣም ከከበደ ዘጭ ይላል። ሲቀራረብ ነው ቀስ የሚለው።"

ካሜራዋ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነበረች። ቀኑን ሙሉ እጥፍ ክብደት ከታች አንጠልጥሎ ፔንዱለም ሲሠራ ነው የዋለው፤ የሚያስፈልገው ግን ሁለቱ ጫፎች ተመጣጥነው የታችኛው ለጥቂት ብቻ እንዲከብድ ነበር። የስቴዲካም ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ ሚዛናቸውን የሚፈትኑት በዚያው መንገድ፣ አጋድመው ለቅቀው ሰከንዱን በመቁጠር ነው። ሽንኩርት ሻጯ ይህን አልሰሙም። መስማትም አላስፈለጋቸውም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ሐውልቱ ተመልሶ ወጣና እጀታዋን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ወረደ። ወርቅ ቤቶቹ አለፉ። ታክሲዎቹ አለፉ። ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ የተሰለፉ ልጆች ወደ ካሜራዋ ዞረው ሳቁ። መንገዱ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ብዙው ፈረሰ። ካሴቱ አለ። መጨረሻው ላይ ቀራጩ ካሜራዋን ማጥፋት ረስቶ ወደ ሽንኩርቱ ተመልሷል። የሴትዮዋ ፊት ወደ ምስሉ ይቀርባል፣ እጃቸው ወደ ታች ይሰደዳል፣ ሽቦ ሲፈታ ይሰማል። "ግማሿንም አምጣ፣ መሸብኝ።" ከዚያ ካሜራዋ ወደ ኋላ ትገለበጣለች፤ የመብራት ሽቦ፣ ሰማይ፣ ጨለማ።