መግል የያዘው ደረት

በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምና ጋር አይገናኝም። ቀለል ያለው አሞክሲሲሊን እየወሰደ ቤቱ ሆኖ ይድናል፤ የጠናበት ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ መድኃኒትና በኦክስጅን ይታከማል። ጥቂቶች ግን መድኃኒቱ ተጀምሮ ሁለት ቀን ቢያልፍም ትኩሳታቸው አልበርድ ይላል፣ ትንፋሻቸው እንደፈጠነ ይቀራል፣ በታመመው ጎናቸው ካልሆነ መተኛት አይፈልጉም። ሐኪሙ በዚያ ጎን ማዳመጫውን ሲያሳርፍ የሚገባው አየር እምብዛም አይሰማውም። ራጅ ሲነሡም ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጩ የደደረ ሳንባ ይሁን የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ በደንብ የሚለየው አልትራሳውንድ ነው።

ሳንባንና የደረትን ግድግዳ የሚያለብሱ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። በጤና ጊዜ በመካከላቸው የሚገኘው እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ነው። የሳንባ ምቹ ሽፋኑን ሲያስቆጣው ግን ቦታው ውኃ ይቋጥራል። ባክቴሪያው ተከትሎ ሲገባ ውኃው ደፍርሶ መግል ይሆናል፤ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ በውስጡ ክር መሳይ ነገር እየተዘረጋ እንደ ማር እንጀራ በክፍል በክፍል ይታጠራል። ሳምንታት ከተቆጠሩ ደግሞ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ሳንባውን ይጨመድደዋል። የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው ልጁ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ ሳለ እንደ ደረሰ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ትኩሳት አልበርድ ሲል ሌላ ሳምንት መጠበቅ ብዙ ያስከፍላል።

ወላጆች «የሳንባ ኦፕራሲዮን» ሲባሉ የልጃቸው ሳንባ ሊቆረጥ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ሥራው በአብዛኛው ሳንባውን አይነካም፤ በዙሪያው ያለውን መግል ማውጣት ነው። ሐኪሙ ከብብት ዝቅ ብሎ በሁለት የጎን አጥንቶች መካከል ትንሽ ይከፍትና ቱቦ ያስገባል። የሚያልፈው ሁልጊዜ በታችኛው አጥንት የላይ ጠርዝ በኩል ነው፤ ከእያንዳንዱ አጥንት ሥር የደም ሥርና ነርቭ ተጠግተው ይሄዳሉና። ከወጣው ፈሳሽ ለላቦራቶሪ ይላካል። በእኛ አገር የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ፈሳሽ ሊያመጣ ስለሚችል ይህ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።

የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። መግልና አየር ከደረት ይወጣሉ፤ ውኃው ስለሚዘጋው የውጭ አየር ተመልሶ አይገባም። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ልጁ ሲተነፍስ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ዝቅ ይላል። እንቅስቃሴው ከቆመ ወይ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይ ሳንባው ተዘርግቶ ቦታውን ይዟል። አስታማሚ እናት ከሁሉ በላይ ልታውቀው የሚገባት ጠርሙሱ ምንጊዜም ከልጁ ደረት በታች መሆን እንዳለበት ነው፤ ከፍ ከተደረገ ፈሳሹ ወደ ደረት ይመለሳል። ይህ ቀላል መሣሪያ ሊመሰገን በሚገባው ልክ ተመስግኗል ብዬ አላምንም።

በውኃ የሚዘጋውን ቱቦ ያስተዋወቀው የሃምቡርጉ ሐኪም ጎትሃርድ ቢዩላው ነው፤ በ1870ዎቹ ሲሠራበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1891 በጽሑፍ አወጣው። ዋጋው ጎልቶ የታየው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች የሳንባ ምች ተዛምቶ ደረታቸው መግል የያዘ ወታደሮች ገና በጠዋቱ ደረታቸው ተከፍቶ ይተው ነበር፤ ከመቶ 30 ያህሉ ሞቱ። ቀዶ ሐኪሙ ኤቫርትስ ግራሃም የነበረበት፣ ጉዳዩን ያጠና የጦር ሠራዊቱ ኮሚሽን ምክንያቱን ደረሰበት፦ ሽፋኖቹ ገና ሳይጣበቁ ደረት ሲከፈት አየር ይገባና ሳንባው ይኮማተራል። አየር ሳያስገቡ ማፍሰስና ሕሙማኑን በደንብ መመገብ ሲጀመር ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ።

መግሉ በክፍል ከታጠረ ቱቦ ብቻውን አይበቃም። ያኔ ክሩን የሚያሟሟ መድኃኒት በቱቦው ይሰጣል፣ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማጽዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የሎንደን ጥናት 60 ሕፃናት በሁለቱ መንገዶች ተከፍለው ታክመው ነበር፤ ከሕክምናው በኋላ ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ በሁለቱም ወገን 6 ቀን ገደማ ሆነ፤ መድኃኒቱም በዋጋ ረከሰ። ካሜራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ላሉ ሐኪሞች ይህ ትልቅ ዜና ነው። ዘግይቶ ቅርፊት የሠራው ግን ደረት ተከፍቶ፣ ቅርፊቱ ከሳንባው ላይ በጥንቃቄ ይገፈፋል። ረጅም፣ ደም የሚያፈስ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ምች የሚያመጣውን የኒሞኮከስ ባክቴሪያ ክትባት በ2004 ዓ.ም. ጀምራ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ትሰጣለች። ሌሎች ባክቴሪያዎችም መግል ስለሚያመጡ የተከተበ ልጅም ትኩሳቱ ካልበረደ ተመልሶ መታየት አለበት።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ሕፃናቱ ፊኛ እንዲነፉ፣ እንዲስቁ፣ እንዲሯሯጡ ይበረታታሉ፤ ሳንባን የሚዘረጋው ይኸው ነው። ሕመሙን ሽሽት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጀርባም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቃናል። ራጁ ግን ከልጁ ኋላ ይቀራል፦ ልጁ ሲጫወት እየታየ ፊልሙ ላይ ጥላ ሊኖር ይችላል፤ በአብዛኞቹ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል።