የክርስቶስ ፊት በፊልም፦ ማሳየትና መሰወር

እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ ላይ የኒው ዮርክ ሕዝብ የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳይ ፊልም ለማየት ይጎርፍ ጀመር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የተቀረጸው በጀርመን አገር በኦበርአመርጋው መንደር ነው ተብሎ ነበር። የዚያች መንደር ሰዎች ከወረርሽኝ ብንተርፍ የጌታን ሕማማት በየጊዜው በትርኢት እናሳያለን ብለው ተስለው፣ ከ1634 ጀምሮ ስለታቸውን ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው። ብዙ ሳይቆይ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። ጎልጎታ የተባለው እዚያው ኒው ዮርክ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱም ለሥራው የተቀጠሩ ተዋንያን ናቸው። ተመልካቹ ግን መምጣቱን አልተወም። ሰባኪዎች ሳይቀሩ ቅጂውን ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩበት።

ሲኒማ ገና በጨቅላነቱ የገባበት ይህ ጣጣ እስከ ዛሬ መፍትሔ አላገኘም። ዘንድሮ ክርስቶስን ተጫውቶ ለከርሞ ሽፍታ ወይም ወታደር ሆኖ የሚመጣ ተዋናይ ይህን ቦታ መያዝ ይገባዋል ወይ? አንዱ አማኝ ድፍረት ነው ይላል፤ ሌላው ማንበብ ለማይችል ሰው ወንጌል ነው ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚህ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። ካሜራ መቅረጽ የሚችለው ሥጋን ብቻ ነው። መለኮትን ከየት ያመጣዋል? የኢየሱስ ፊልሞች ሁሉ ለዚህች አንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰዓሊ መላ ነበረው። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተዘጋጁት የብራና ወንጌሎቻችን በአንዳንዶቹ ደግሞ ስቅለቱ ያለ ክርስቶስ አካል ነው የሚታየው። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ አሉ፤ የመካከሉ መስቀል ባዶ ነው፤ ከላዩ በጉ ተሥሏል። በጉን ያየ ምእመን ነገሩን ለመረዳት የማንም ሰው መልክ አያስፈልገውም። ፊልም ግን ይህ ነፃነት የለውም። ተዋናዩ ዞር ባለ ቁጥር በጎን ይታያል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ላብ ያልበዋል። (ስለ መልክ ከተነሣ፣ በፊልም የምናየው ኢየሱስ ፈረንጅ መሆኑ ብዙዎቻችንን ያበሳጨናል። ይሁን እንጂ ነገሥታቶቻችን ለዘመቻ ይዘውት የሚወጡት፣ መሐላ የሚፈጸምበት፣ በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ራሱ የአውሮፓ ሰዓሊ እጅ ሥራ ነው። ቅድስናው ከሰዓሊው አገር አልመጣም፤ ለዘመናት ከተጸለየበት ነው።)

አንደኛው መልስ ፊቱን ጨርሶ አለማሳየት ነበር። የብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ በ1913 ሥራ ሲጀምር በግልጽ ያስቀመጣቸው ክልከላዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዕርቃንና ክርስቶስን በተዋናይ ማሳየት። ሆሊዉድም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሄዷል። የዚህ መንገድ ምርጥ ማሳያ የዊልያም ዋይለር «ቤን ሁር» (1959) ይመስለኛል። በሰንሰለት የሚነዳው ቤን ሁር ናዝሬት ሲደርስ በውኃ ጥም ይወድቃል። የሮማው አለቃ ለሌላው ሲያጠጣ እሱን ይከለክለዋል። አንድ ሰው መጥቶ ጎንበስ ይልና ውኃ ያጠጣዋል፤ የምናየው እጁን፣ ጀርባውንና ፀጉሩን ነው። አለቃው እየጮኸ ይመጣል። ሰውየው ቀና ብሎ ያየዋል። እዚህ ላይ ካሜራው ወታደሩን ነው የሚያሳየን። ቁጣው ይበርድበታል፣ የሚያደርገው ይጠፋዋል፣ ዞር ይላል፣ መልሶ ያያል፣ ደግሞ ዞር ይላል። ኢየሱስን የተጫወተው ክሎድ ሂተር የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፤ ስሙ እንኳ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ትዕይንቱን የተሸከመው የአንድ ስም የለሽ ወታደር ፊት ነው።

ሴሲል ቢ. ደሚል ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ድምፅ በሌለው «የነገሥታት ንጉሥ» (1927) ፊልሙ፣ ሌላ ብልሃት አግኝቶ ነበር። ፊቱን ያሳያል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚያሳየው በአንዲት ዓይነ ስውር ሕፃን ዓይን ነው። ልጅቷ ስትፈወስ ጨለማው ቀስ በቀስ ይሣሣል፣ ብርሃን ይገባል፣ ከብርሃኑ ውስጥ ፊት ይወጣል። ተመልካቹ ኢየሱስን ከማየቱ በፊት አብሯት ታውሮ አብሯት ተፈውሷል ማለት ነው። ፊልሙ በአይሁድ ማኅበረሰብ ዘንድ ለስቅለቱ ሕዝብን ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋል ተብሎ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው ደሚል ጥፋቱን በቀያፋ ላይ የሚጥል እርማት አደረገበት። ይህ ክስ በኋላም በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

የ1960ዎቹ ግዙፍ የቀለም ፊልሞች ብዙ አያቆዩንም። በ1965ቱ የጆርጅ ስቲቨንስ ፊልም ማክስ ቮን ሲዶው በአሜሪካ በረሃዎች እየተዘዋወረ ያስተምራል፤ በመስቀሉ ሥር መቶ አለቃ ሆኖ የሚመሰክረው ደግሞ ጆን ዌይን ነው። ካውቦዩን የለመደ ተመልካች በዚያች ቅጽበት መጸለይ ይከብደዋል።

በ1977 ለቴሌቪዥን የቀረበው የፍራንኮ ዜፊሬሊ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ግን በዓለም ዙሪያ የኢየሱስን መልክ በሰው አእምሮ ውስጥ አትሞ የቀረ ሥራ ነው። ከስድስት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ሮበርት ፓወል በካሜራ ፊት ዓይኑን እንዳያርገበግብ ተደርጎ ነበር የተቀረጸው፤ ከፊልሙ የተወሰደው ፎቶግራፉም በየአገሩ እንደ ቅዱስ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ገና ከመታየቱ በፊት ዜፊሬሊ የኢየሱስን ሰውነት አጉልቶ ሊያሳይ እንዳሰበ በመናገሩ በአሜሪካ ተቃውሞ ተነሣ፤ ስፖንሰሩ ጄኔራል ሞተርስም ራሱን አወጣ። ተቃዋሚዎቹ ፊልሙን አላዩትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ላንሣ። ተዋሕዶ የሚያስተምረው መለኮትና ሥጋ ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን ነው። የተለመደው የኢየሱስ ፊልም የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሲርበውና ሲደክመው ሰው ነው፤ ተአምር ሲያደርግ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ብርሃኑ ይለወጣል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ አምላክ ይሆናል። በአንድ ፊልም ሁለት ገጸ ባሕርይ የምናይ ይመስላል። ለእኔ ብዙዎቹ ፊልሞች መንፈሳዊነት የሚጎድላቸው ስለ መለኮቱ ስለማይናገሩ አይመስለኝም፤ ለብቻው ነጥለው በጭስና በመብራት ሊያሳዩት ስለሚሞክሩ ነው።

ከዚህ ወጥመድ ያመለጠው ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው። ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ማርክሳዊ ነበር፤ እንደማያምንም አልደበቀም። እንዲያውም በ1963 በአንድ አጭር ፊልሙ ሃይማኖትን አዋርደሃል ተብሎ በጣሊያን ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። በጥቅምት 1962 አሲሲ ሄዶ ሳለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ከተማዋን ሊጎበኙ መጡና መንገዱ ሁሉ ተጨናነቀ። ካረፈበት ክፍል ሳይወጣ ያገኘውን ወንጌል አንሥቶ አነበበ። በ1964 የወጣው «የማቴዎስ ወንጌል» ለእኚሁ አባት መታሰቢያ የተበረከተ ነው።

ፓዞሊኒ አስቀድሞ ፍልስጤምን ዞሮ አየና ዘመናዊነት በዝቶባት አገኛት። ስለዚህ ፊልሙን በደቡብ ጣሊያን ድሃ አካባቢዎች ቀረጸው፤ ኢየሩሳሌም ሆና የምትታየው ዋሻ እየፈለፈሉ የኖሩባት ማቴራ ናት። ኢየሱስን የተጫወተው ኤንሪኬ ኢራዞኪ የ19 ዓመት ስፔናዊ ተማሪ ነበር፤ ወደ ጣሊያን የመጣውም ለፀረ ፍራንኮ ትግል ድጋፍ ሊያሰባስብ ነው። ትወና ተምሮ አያውቅም። የሚነገረው ቃል ከማቴዎስ የተወሰደ ነው።

አከፋፈቱን እንይ። የአንዲት ወጣት ሴት ፊት፤ ዝም ብላለች። የአንድ ጎልማሳ ፊት፤ እሱም ዝም። ከዚያ እሷን ሙሉ ቁመቷን እናያለን፤ እርጉዝ ናት። ዮሴፍ ቃል ሳይተነፍስ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። መልአኩ እስኪመጣ ድረስ የሚናገር የለም። ያ ዝምታ የዮሴፍን ቁስልም የማርያምንም መታመን አብሮ ይዟል፤ ጸሐፊ አንድ ገጽ ንግግር ቢጨምርበት ይበላሻል። ተአምራቱም እንዲሁ ናቸው። የለምጻሙ የተበላ ፊት ይታያል፣ ቀጥሎ የዳነ ፊት፤ በመካከሉ ምንም የለም። ጌታ ለፍርድ ሲቀርብ ደግሞ የምናየው ከሕዝቡ ጀርባ ቆመን፣ በሰው ትከሻ መካከል አንገታችንን አስግገን ነው፤ ያን ዕለት እዚያ ብንኖር ኖሮ እንደምናየው። በዕድሜ የገፉትን ማርያምን የተጫወቱት የዳይሬክተሩ እናት ሱዛና ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ጊዶ በ1945 በፓርቲዛንነት (በሽምቅ ተዋጊነት) ላይ ሳለ ተገድሏል። እኚህ እናት መስቀሉ ሥር ሲወድቁ ትወና ነው ለማለት ያስቸግራል። ቫቲካን በ1995 የሲኒማን መቶኛ ዓመት አስመልክቶ ባወጣው የ45 ታላላቅ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ይህን የማያምን ሰው ሥራ አስገብቶታል።

ክርክሩ እሳት የሆነው በ1988 ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ ከካዛንዛኪስ ልቦለድ በወሰደው «የክርስቶስ የመጨረሻ ፈተና» ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ አግብቶ ወልዶ የሚኖርበት ሕይወት በሕልም ይመጣበታል፤ በመጨረሻ እምቢ ብሎ ወደ መስቀሉ ይመለሳል። ፓሪስ ውስጥ ፊልሙን የሚያሳይ አንድ ሲኒማ ቤት በእሳት ተጠቅቶ ሰዎች ቆሰሉ። ቺሊ ስለ ከለከለችው ጉዳዩ እስከ አሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 ተፈርዶባታል። በአሜሪካ ቢል ብራይት የተባሉት ወንጌላዊ ፊልሙ እንዲጠፋ ስቱዲዮውን ወጪውን እንተካልሃለን ብለው ነበር። እኚሁ ሰው የመሠረቱት ድርጅት ነው በ1979 በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውን «ኢየሱስ» ያሠራው፤ አማርኛን ጨምሮ ከ2,000 በላይ ቋንቋዎች የተተረጎመውን። ብዙ የገጠር ሰው በጄኔሬተር በሚሠራ ፕሮጀክተር ያየው የመጀመሪያ ፊልም ይኸው ነው። መጨረሻው ላይ ተመልካቹን ወደ ውሳኔና ወደ ጸሎት ይጠራል። በሲኒማ ሚዛን ደረቅ ነው፤ በስብከት ሚዛን ግን ሌላ ነው፣ እኔም በመጀመሪያው ሚዛን ብቻ ልመዝነው አልፈልግም።

የሜል ጊብሰን «የክርስቶስ ሕማማት» (2004) በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ600 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ንግግሩ በአራማይክ፣ በላቲንና በዕብራይስጥ ነው፤ ብዙው ዝርዝር የተወሰደው ካትሪን ኤመሪክ የተባሉ ጀርመናዊት መነኩሲት አዩት ከተባለው ራእይ ነው። ግርፋቱ ማለቂያ የለውም። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት ሲነበብ ያደገ ሰው ሕማማቱን በዝርዝር መስማት አዲስ አይሆንበትም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሕማማቱን የምትሰጠን ከስግደት ጋር ነው፤ ጉልበት ይደክማል፣ ጾሙ ይሰማል፣ ሰውነት የድርሻውን ይወስዳል። ፊልሙ ተቀምጠን ብቻ እንድናይ ያደርገናል፤ ስለዚህ ደሙን ጨምሮ ጨምሮ ሊያካክስ ይሞክራል። ከእኔ ጋር የቀረው ከግርፋቱ ይልቅ ሌላ ነው፤ ልጇ መስቀል ተሸክሞ ሲወድቅ ማርያም ትንሽ ሳለ ሲወድቅ እንዴት እንደ ሮጠችለት ታስታውስና አሁንም እንዲያው ትሮጣለች።

ከአፍሪካ የመጣውን «የሰው ልጅ» (2006) ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በደቡብ አፍሪካ ካዬሊቻ የድሆች ሰፈር የተቀረጸ፣ በኮሳ ቋንቋ የሚነገር ፊልም ነው። ኢየሱስን በስውር ገድለው ይቀብሩታል። እናቱ ታገኘውና አስከሬኑን አውጥታ በመስቀል ላይ ለሕዝብ ታሳያለች። መስቀል የገዳዮች መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የእናት ምስክርነት ይሆናል። ከወንጌሉ ቃል ርቋል፤ ነገር ግን ልጆቻቸው ደብዛቸው የጠፋባቸው እናቶች ባሉበት አህጉር ይህን ማን ይስተዋል?

ዛሬ ክርክሩ የዞረው ወደ «ዘ ቾዘን» ነው። ዳላስ ጄንኪንስ የሚያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከሕዝብ በተሰበሰበ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሠራ። ገና ሲጀምር ታሪክና ንግግር እንደ ጨመረ፣ ተመልካቹም ወንጌሉን ራሱን እንዲያነብ በጽሑፍ ይናገራል። ከጨመራቸው አንዱ እነሆ፦ ታናሹ ያዕቆብ አንካሳ ነው፤ የሚጫወተው ተዋናይም በእውነት አካል ጉዳተኛ ነው። ሄዳችሁ ፈውሱ ተብሎ ሲላክ፣ እኔን ሳትፈውስ እንዴት ሌላውን ፈውስ ትለኛለህ ብሎ ኢየሱስን ይጠይቀዋል። ኢየሱስም ረጅም መልስ ይሰጠዋል። ጥያቄው የብዙ ሕመምተኛ አማኝ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በየትኛውም ወንጌል የለም፤ በአንድ ክፍል ተሰብስበው የጻፉት ባለሙያዎች ናቸው።

በአራቱ ወንጌላት ያልተጻፈ ታሪክ መስማት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ተአምረ ኢየሱስና ነገረ ማርያም አሉን። እነሱን ግን ቤተ ክርስቲያን ተቀብላ፣ በቅዳሴና በጸሎት መካከል አኑራ፣ ኃላፊነቱን ወስዳ ነው የምታነባቸው። ተከታታይ ፊልሙን ግን ልጁ በስልኩ ብቻውን ያየዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት መጥቶ «ኢየሱስ ለያዕቆብ እንዲህ ብሎታል አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት መምህሩ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊልሙን አላየውም።