ሐምራዊው ቢጫ ሲሆን ምን ተረጋገጠ?

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የወጣ ሰው ጦስኝን ገና ሳያየው በመዓዛው ያውቀዋል። የላስታ ሰው ከሻይ ጋር ያፈላዋል፤ ከበርበሬና ከሽሮ ይቀላቅለዋል፤ ለሳልም ይጠጣዋል። በከተማ ደግሞ ጦስኝ ሲነሣ አንድ ቃል አብሮ ይነሣል፤ «አንቲኦክሲደንት»። ይህን ቃል አምነው የደም ግፊት ክኒናቸውን የተዉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ የሕግ እንጂ የኬሚስትሪ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ስለ ማስረጃ የተማረ ሰው «ለመሆኑ ምን ተረጋገጠ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ሰውነታችን በኦክስጅን ኃይል ሲያመነጭ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪዩሎች ይፈጠራሉ። ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ስለያዙ ከጎረቤት ይነጥቃሉ፤ ሲበዙም ሴሎቻችንን ይጎዳሉ። አንቲኦክሲደንት የራሱን ሰጥቶ ነጠቃውን የሚያስቆም ነው። ለጦስኝ መዓዛውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል ይህ ችሎታ አላቸው።

የተለመደው መለኪያ ቀላል ነው። ዲ.ፒ.ፒ.ኤች. በሚባል ሐምራዊ ኬሚካል ላይ ከቅጠሉ የወጣው ንጥር ይጨመራል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ራዲካሉ ተይዟል ማለት ነው። ቀለሙን በግማሽ ለመቀነስ የሚያስፈልገው ንጥር ባነሰ ቁጥር ዕፁ ብርቱ ነው ይባላል። የሀገራችን ጦስኝ በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፈተናው የተካሄደው በብልቃጥ ውስጥ ነው። የጠጣነው ሻይ ግን በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት ያልፋል፤ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ሊሆን፣ ተለውጦም ሊደርስ ይችላል። በእኛ በሕግ ሰዎች ቋንቋ፣ ብልቃጡ ምርመራ የሚያስጀምር ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ በ29,133 አጫሾች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው ጥናት ይህንኑ ያስተምራል። ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲደንት በክኒን የወሰዱት ሰዎች ከሳንባ ካንሰር ይድናሉ ሲባል፣ በሽታው ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘባቸው።

ይህን ማለቴ የላስታን አዋቂዎች ለማጣጣል አይደለም። አባቶቻችን ኮሶን በልክ የጠጡት የሚያሽረው ሲበዛ እንደሚጎዳ ስላወቁ ነው። ተመራማሪውም ከዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል ጦስኝን የመረጠው ሲጠቀሙበት የኖሩ ሰዎች ስላመለከቱት ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ መሆኑን፣ በዕውቀቱ ለመጠቀምም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትና ጥቅሙን ማካፈል እንደሚገባ ደንግጓል። በጤፍ የደረሰብንንም አንርሳ። በአንድ የሆላንድ ኩባንያ የተያዘው የጤፍ ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ስለዚህ «አንቲኦክሲደንት አለው» ሲባሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የተፈተነው በብልቃጥ ነው ወይስ በሰው? መጠኑስ ስንት ነው? ዕውቀቱን የሰጠው ማኅበረሰብስ ምን አገኘ? መልሱ እስኪመጣ ጦስኙን ለጣዕሙ ይጠጡት፤ ክኒኑን ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይተዉት።