ለድንገተኛ የልብ ሕመም የሚደረግ የመጀመሪያ ዕርዳታ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ድንገት ደረቱን ያመመው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ሕመሙን ሊያሳልፈው ይሞክር ይሆናል። ሕመሙ ከልብ የመነጨ ከሆነ ግን መዘግየቱ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የሚሞተው የጡንቻ ክፍል እየሰፋ ይሄዳል።

ዋነኛው ምልክት በደረት መካከል የሚሰማና በዕረፍት የማይለቅ የመጫን ወይም የመጨምደድ ስሜት ነው። ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋና ወደ ጀርባ ሊዛመት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽም ሊያስከትል ይችላል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመሙ ላይኖር ይችላል።

ምልክቶቹ እንደታዩ በሽተኛው ሥራውን አቁሞ፣ ጀርባውን ግድግዳ ተደግፎና ጉልበቱን አጥፎ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ መቀነቱን ወይም ቀበቶውንም ማላላት ይገባል። ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ መስመር 907 መደወል ያስፈልጋል።

አስፕሪን ካለ በመድኃኒቱ የማይቆጣና የሚደማ የጨጓራ ቁስለት የሌለበት አዋቂ 300 ሚሊ ግራም አኝኮ ቢውጥ ይረዳዋል። አረቄም ሆነ ምግብ መስጠት ግን አይገባም።

መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች በሽተኛውን በእግሩ ማስኬድ የተጎዳውን ልብ ይበልጥ ያደክማል። ስለሆነም ጎረቤት ተባብሮ ራስጌውን ከፍ ባደረገ ቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ሊሸከመው ይገባል።

በሽተኛው ራሱን ስቶ መተንፈስ ካቆመ በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ ማስተኛት፣ ሁለት እጅን አደራርቦ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል። የሚጫነው ሰው ሲደክመው ሌላው እየተካው ባለሙያ እስኪደርስ መቀጠል አለበት።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱም የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። ከከተማዋ ርቆ ለሚኖረው አርሶ አደር ደግሞ ሆስፒታል መድረስ ራሱ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ላይ የሚወድቁ ናቸው። ምልክቶቹን አስቀድሞ ማወቅና የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር መያዝ ሕይወት ለማዳን ከፍተኛ ድርሻ ይኖረዋል።