አንድ ሰዓት፥ ብዙ ጠባቂ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። የኮምፒዩተርን ሰዓት ለሚጠብቁ ፕሮግራሞች ግን ይህ ምክር እንዳለ ቢፈጸም ጣጣ ያመጣል። ይህን የምንጽፈው የመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር በአደራ ለተሰጣቸው ወጣቶች ነው።

የኮምፒዩተር ሰዓት የሚቆጥረው በኳርትዝ ድንጋይ ርግብግቢት ነው። ድንጋዩን ሙቀትና ብርድ ያዛቡታል፤ ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢስት በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ይዛነፋል። ኋላ የተከፈለው ገንዘብ ቀድሞ የተከፈለ መስሎ በመዝገብ እንዲገኝ ይህ ይበቃል።

ስለዚህ በሊኑክስ ላይ፥ ማንም ሳይጠራቸው ከጀርባ የሚሠሩ፥ ባለሙያዎች «ዴመን» የሚሏቸው ፕሮግራሞች ተመድበዋል (ስሙ ቢያስደነግጥም ሥራቸው የሎሌ ነው)። ክሮኒ የተባለው ራቅ ካሉ ኮምፒዩተሮች ሰዓት ይጠይቃል፤ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውንም ጊዜ ያሰላል። የሚጠይቅበትን ኤንቲፒ የተባለ ደንብ ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፎ አውጥቶታል። ፒቲፒፎርኤል ደግሞ የኔትወርክ ካርዱን የራሱን ሰዓት ያቃናል፤ ፒኤችሲቱሲስ ከካርዱ ተቀብሎ ወደ ዋናው ሰዓት ያሻግራል።

ጠቡ የሚነሣው ክሮኒና ፒኤችሲቱሲስ ዋናውን ሰዓት ሁለቱም የያዙት እንደሆነ ነው። አንዱ የድንጋዩን ስሕተት ለክቶ ፍጥነቱን ሲያርም፥ ሌላው ያንኑ እርማት እንደ አዲስ ስሕተት ቆጥሮ ያፈርሰዋል። ይባስ ብሎ የካርዱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በአቶሚክ ሰዓት ቁጥር ነው፤ ይኸውም ከጃንዋሪ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመደበኛው የዓለም ሰዓት በ37 ሰከንድ ይቀድማል። ልዩነቱ ለፒኤችሲቱሲስ ካልተነገረው እርሱ 37 ሰከንድ ወደፊት ይገፋል፥ ክሮኒ ወደኋላ ይጎትታል።

ለዚህ ሽማግሌ ሆኖ የተሠራው ታይምማስተር ነው። ሦስቱንም አስነሥቶ ሥራ ያከፋፍላቸዋል፤ ፒኤችሲቱሲስ ዋናውን ሰዓት እንዳይነካ፥ የለካውንም በጋራ በሚያነቡት የማስታወሻ ሥፍራ ብቻ እንዲጽፍ ያዛል። ክሮኒ ጽሑፉን አንብቦ ከሌሎቹ ምንጮች ጋራ ያመዛዝናል፤ ሰዓቱን የሚያርመው እርሱ ብቻ ነው። ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበለው ጂፒኤስዲም በዚሁ መንገድ ከክሮኒ ጋራ ሊሠራ ይችላል።

ባላ ማብዛቱ የሚጠቅመው በምንጮቹ ላይ ነው። ምንጮቹ 4 ቢሆኑ አንዱ ሲዋሽ ሦስቱ ያጋልጡታል። ክሮኒ ምንጮቹን እንዲዘረዝር ሲታዘዝ፥ በኮከብ ያመለከተው የተከተለውን ምንጭ ነው፤ በኤክስ ፊደል ያመለከተውን ግን ሐሰተኛ ብሎ ትቶታል።